እኛ ስንገባ ለምን ይዘጋል? ከማታ ተማሪዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማችን የበላይ ኃላፊዎች
ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
ለቤተ መጻሕፍት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የማታ ተማሪዎች ስለተነፈጉት አገልግሎት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ወር በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ክፍት እንደማይሆን ይናገራል። ማኅተምና ፊርማ አለበት፤ ምክንያት ግን አልተጻፈበትም። የማታ ትምህርት የሚጀምረው 11:30 ላይ ነው፤ የሚያበቃው ከምሽቱ 2:30። ማስታወቂያውን ቆሞ ያነበበ የማታ ተማሪ ሁሉ ሒሳቡን እዚያው ሠራው። ከክፍል በፊት ሥራ ላይ ነን፤ ከክፍል ስንወጣ በሩ ተቆልፏል። ለመጽሐፍ የተረፈን ደቂቃ የለም።

ተማሪዎቹ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የወከሉኝ በዚያ ማስታወቂያ ምክንያት ነው። ስንሰባሰብ ግን ወሬው ከቤተ መጻሕፍቱ አልፎ ሄደ። ለካስ እያንዳንዳችን ለየብቻችን ውጠነው የኖርነው ብዙ ነገር ነበር። ሁሉም የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው፦ ግቢው የሚሠራበት ሰዓትና እኛ የምንገኝበት ሰዓት አይገጥሙም፤ እንዲገጥሙ የሞከረም የለም።

የተቋሙን ስም እዚህ ያልጠቀስነው ፈርተን አይደለም። በሌሎች የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማታ የሚማሩ ወዳጆቻችን የሚነግሩን ከእኛ ጋር አንድ ነው። ስም ብንጠራ ሌላው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፈዋል ብለን ነው። እናንተ ዘንድ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ ሆኗል። እሱን ገቢ ለማድረግም አንድ ጓደኛችን ከሥራው የግማሽ ቀን ፈቃድ መውሰድ ነበረበት፤ መዝገብ ቤቱም የሚዘጋው እኛ ስንገባ ነውና።

ማን እንደሆንን እንንገራችሁ። ግቢያችን መሀል ከተማ ነው። ከሜክሲኮ፣ ከለገሃር፣ ከስታዲየም፣ ከካዛንቺስ፣ ከፒያሳ በእግር ወይም በአንድ ታክሲ ይደረስበታል። እዚህ የምንማረውም ለዚሁ ነው። መካከላችን የባንክ ገንዘብ ከፋይ አለች፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር አለ፣ ከተረኝነት በቀጥታ የምትመጣ ነርስ አለች፣ መርካቶ ጨርቅ የምትሸጥ አለች፣ የጥበቃ ሠራተኛ አለ፣ ሁለት ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የምትመጣ እናት አለች። በ1988 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የአዲስ አበባና የዓለማያ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ይህ ለብዙ ወጣት በር ከፍቷል። ነገር ግን የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ እናቱን የሚጦር፣ ልጅ የሚያሳድግ ሠራተኛ ሥራውን ጥሎ አርባ ምንጭ ወይም ጅግጅጋ ሄዶ ዶርም አይገባም። ለእሱ የቀረለት መሀል ከተማ ያለው የማታ ክፍል ነው።

የማታ ትምህርት በዚህች ከተማ ትናንት የመጣ ነገርም አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጥቶ ኮሌጆቹ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም ሲጠቃለሉ፣ ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚማር ሰው የዩኒቨርሲቲው አካል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ስንት መምህር፣ ስንት የሒሳብ ሠራተኛ ማታ ማታ ተምሮ እንደተመረቀ እናንተም ታውቃላችሁ። ምናልባት ከመካከላችሁ በዚሁ መንገድ ያለፈ ይኖራል። እሱ ካለ፣ የምንለው ይገባዋል።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

የመጀመሪያው ያው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። እስካሁን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ነበር። ከክፍል ወጥተን አንድ ሰዓት ተኩል እናገኝ ነበር፤ መምህሩ የጠቀሰውን መጽሐፍ እዚያው አውጥተን፣ ያልገባንን ለገባው ጠይቀን፣ ማስታወሻ ይዘን እንወጣ ነበር። ያቺ ሰዓት ተኩል የምንኖርባትን ሕይወት ለማያውቅ ሰው ትንሽ ትመስላለች። ብዙዎቻችን የምንኖረው ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ ነው። እዚያው ይበሰላል፣ እዚያው ሕፃን ይተኛል፣ እዚያው ቴሌቪዥን ይከፈታል። መብራቱን እስከ ሌሊት ካበራን አከራይ ይቆጣል። የጥበቃ ሠራተኛው ጓደኛችን በሳምንት ሦስት ሌሊት ተረኛ ነው፤ በቀሩት ቀናት ከክፍል በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚቀመጥባት ወንበር በሕይወቱ ውስጥ ለንባብ ብቻ የተያዘች ብቸኛ ቦታ ናት። ይህን የተናገረው በስብሰባችን ላይ ነው፤ ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ቅዳሜ ትመጣላችሁ ትሉን ይሆናል። ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ የሚሠራው እስከ 6:30 ነው፤ አብዛኞቻችን ቅዳሜ እስከ ቀትር ሥራ ላይ ነን። እሑድ ጭራሽ አይከፈትም። መጽሐፉ በስልክ ይገኛል ያሉንም አሉ። አንዳንዱ ይገኛል። ነገር ግን ባለ ብዙ ሠንጠረዥ የሒሳብ መጽሐፍ በተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ላይ ማንበብ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል፤ ለማውረድም የዳታ ጥቅል መግዛት አለ። ደግሞስ ተቋሙ መጽሐፍ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ለቀን ተማሪ ብቻ ነው?

ምክንያቱን በጽሑፍ ባናገኝም በቃል ጠይቀናል። የተሰጠን መልስ ለማታ ሠራተኞች የሚከፈል የትርፍ ሰዓት በጀት የለም የሚል ነው። ይህን መልስ ያዙልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው የሬጅስትራር ነገር ነው። በዚህ ላይ ቆም ብለን እንናገራለን፤ ሰው የጎዳው ይበልጥ ይህ ነውና። ቢሮው ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30 ይሠራል። የመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው፤ በሠራተኞቹ አንፈርድም። ነገር ግን ቢሮው የሚዘጋባት ደቂቃና የእኛ ክፍል የሚጀምርባት ደቂቃ አንድ ናት። ስለዚህ የማታ ተማሪ አንዲት ማኅተም በፈለገ ቁጥር ከሥራው መቅረት አለበት።

መርካቶ የጨርቅ መደብር የምትሠራው ጓደኛችን ባለፈው ዓመት የአንድ ኮርስ ውጤቷ «ኤንጂ»፣ ማለትም ውጤት አልተመዘገበም፣ ሆኖ ወጣባት። ፈተናውን ተፈትናለች፤ መምህሩም ውጤቷን እንዳስገባ ነግሯታል። የሆነው ማንም ሊሠራው የሚችል፣ በአሥር ደቂቃ የሚስተካከል የአመዘጋገብ ስህተት ነው። በመጀመሪያው ቀን ስትሄድ ሲስተም የለም ተባለች። በሁለተኛው መዝገቡን የያዘችው ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነበረች። በሦስተኛው ከዲፓርትመንት ደብዳቤ አምጪ ተባለች። በአራተኛው ደብዳቤውን ስታስጽፍ ዋለች። በአምስተኛው ተስተካከለላት። ለእያንዳንዱ ቀን አሠሪዋን መለመን ነበረባት፤ እሱም ያልሠራችበትን ቀን ሁሉ ከደመወዟ ቆርጧል። በመሀሉ የቀጣዩ ሴሚስተር ምዝገባ አለፈ። ያ ኮርስ ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ስለነበር ተከታዩን መመዝገብ አልቻለችም፤ ኮርሱ እንደገና የሚሰጠው ከዓመት በኋላ ነው። አብረናት የጀመርነው ስንመረቅ እሷ ትቀራለች። ያጠፋችው ምንድን ነው? ማንም ሊነግራት አልቻለም።

ምዝገባው ራሱም እንዲሁ ነው። ሦስት ቀን ይሰጣል፤ ሦስቱም የሥራ ቀን ናቸው። ክፍያ በባንክ ይፈጸማል፤ የባንክ ደረሰኙ ደግሞ በአካል ለቢሮው መቅረብ አለበት። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ነው፤ ጉልት የምትሸጥ እናት ሳትቀር የምትገበያይበት ዘመን ላይ፣ የከፈልነውን ገንዘብ ለማሳየት ወረቀት ይዘን እንሰለፋለን። የዘገየ ቅጣት ይከፍላል። መታወቂያ የሚታደሰውም በቀን ብቻ ነው፤ መታወቂያው ያልታደሰለት ደግሞ በር ላይ ይመለሳል። በአንድ የፈተና ምሽት ሁለት ልጆች እንዲህ ተመልሰው፣ መምህሩ ራሱ ወጥቶ ነው ያስገባቸው።

ሦስተኛው ትምህርቱ ራሱ ነው። እዚህ ላይ መምህራኖቻችንን አንወቅስም። ቀን ሙሉ አስተምረው ማታ ደግሞ እኛ ፊት የሚቆሙ ናቸው፤ የማታ ክፍያቸው ወራት እየዘገየ እንደሚደርሳቸውም ከራሳቸው ሰምተናል። የጎደለውን ግን መናገር አለብን። 3 ክሬዲት ሰዓት ያለው ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ሊሰጠን ይገባል። ባለፈው ሴሚስተር አንዱ ኮርስ በሰባት ምሽት አለቀ፤ የቀረው «ሜክ አፕ» (ማካካሻ) ተብሎ ከፋይናል ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው በአንድ እሑድ አራት ሰዓት ሙሉ ተደርቦ ተነገረን፤ ከዚያ ሀንድአውት ተሰጠን። የከፈልነው ለ48 ሰዓት ነበር።

ይህ ድሮ ቢሆን ውጤቱ ትራንስክሪፕት ላይ ቀርቶ ያልፍ ነበር። አሁን ግን የመውጫ ፈተና አለ። በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር የቀን፣ የማታ፣ የመንግሥት፣ የግል ብሎ አልለየም፤ ከ100 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ፈተናውን አንቃወምም። አንድ ዓይነት ፈተና ይሰጠን ብለን እንቀበላለን፤ ግን አንድ ዓይነት ዝግጅት አላገኘንም። ለቀን ተመራቂዎች ቲቶሪያል ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ሞዴል ፈተናም ተሰጥቷል፤ የተሰጠው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ያለው ግን 11:30 ላይ ወደ ቤታቸው በሚሄዱት ሠራተኛ እጅ ነው። ከመካከላችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሚፈተኑት የመውጫ ፈተና ዕለት የሚሆኑ አሉ። መጽሐፉ ተዘግቶ፣ ሰዓቱ ተሸርፎ፣ ኮምፒውተሩ ተቆልፎ ሳለ የወደቀ የማታ ተማሪ «ማታ የተማረ ምን ያውቃል» ይባላል። ይህ ስድብ ነው፤ እኛ ላይ ሊወርድም አይገባም።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚሠራው ለአስተዳደር ሕንፃው ብቻ ነው። ማታ ግን አስተዳደር ሕንፃ ውስጥ ሰው የለም። እኛ በስልክ መብራት ተምረናል፤ ፈተናም ተፈትነናል። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ማታ ይቆለፋል። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ይከፈት።

የመንገዱን ነገር ግን ሴት ተማሪዎች በአደራ እንድጽፍላቸው ጠይቀውኛል። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ዋናው መንገድ ሰፍቷል፤ ማታም ብርሃን አለው። ታክሲ የምንይዝበት ቦታ ግን ከበፊቱ ርቋል። ወደ ታክሲው የሚያቀርበው የኋላ በር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ስለዚህ 2:30 የወጣ ሁሉ በዋናው በር ወጥቶ ግቢውን በአጥር ዙሪያ መዞር አለበት። በዚያ በአጥሩ በኩል መብራት የለም። ሁለት ጓደኞቻችን በዚህ ዓመት ስልካቸውን ተቀምተዋል፤ አንዷ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ 2 ሰዓት ሲሆን ተነስተው ይወጣሉ፤ የቀረውን ግማሽ ሰዓት ከወንድ ጓደኞቻቸው ደብተር ይገለብጣሉ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ለአንድ ሰዓት ያህል በኋላ በር ላይ ቢቆም ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

አሁን ወደ በጀቱ እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት የቀን ተማሪ ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። ተገቢ ነው፤ ታናናሾቻችንም በዚያው የሚማሩ አሉ። እኛ ግን በየሴሚስተሩ፣ በክሬዲት ሰዓት ተሰልቶ፣ ገና ክፍል ሳንገባ ሙሉውን እንከፍላለን። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ደግሞ የመንግሥት ተቋማት የራሳቸውን ገቢ ስለማመንጨታቸው በየስብሰባው ይነሳል። በእኛ ግቢ ከገቢው ምንጮች አንዱ እኛ ነን። ታዲያ ከምንከፍለው ላይ ለሁለት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት የሚሆን ካልተገኘ፣ ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው? ይህን የምንጠይቀው ማንንም በሌብነት ለመጠርጠር አይደለም። ገንዘቡ ለተቋሙ ሌላ ሥራ ውሎ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ሥራም ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። የማታ ተማሪ የከፈለው ግን መጀመሪያ ለማታ ተማሪ ይዋል እንላለን። ኪራይ አዘግይቶ፣ ከዕቁቡ ተበድሮ፣ የልጅ ጫማ ለሌላ ወር አስተላልፎ የተከፈለ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

1. ማስታወቂያው ይነሳ። ቤተ መጻሕፍቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደ በፊቱ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይከፈት፤ ቅዳሜ ከሰዓትም ይሥራ። የእሑዱን ለመነጋገር ዝግጁ ነን። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ እንኳ ይህ ከመጪው ሴሚስተር በፊት ይወሰንልን።

2. በሬጅስትራር ቢሮ አንድ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ምሽት እስከ 2:30 ይመደብልን። ሁሉም ቢሮ ይከፈት አላልንም። የምዝገባ ቀናት አንዱ ቅዳሜ ይሁን፤ የክፍያ ማረጋገጫም ከባንክ ወይም ከቴሌብር በቀጥታ ይወሰድ። «ኤንጂ» የወጣበት ተማሪ ጉዳዩ እስኪጣራ ምዝገባ አይከልከል። የመርካቶዋ ጓደኛችን ጉዳይ በተለይ እንዲታይላት በስሟ የተለየ ማመልከቻ አያይዘናል።

3. የመምህራን የማታ ክፍያ በየወሩ ይከፈል፤ ያልተሰጠው የክፍል ሰዓትም ሴሚስተሩ ውስጥ ይካካስ እንጂ በፈተና ዋዜማ አይከመር። ለመውጫ ፈተና ቲቶሪያልና ሞዴል ፈተና በማታ ወይም በቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋጅልን፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍም ለማታ ተረኛ ይሰጥ።

4. የኋላ በር እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ይሁን፤ በአጥሩ በኩል መብራት ይተከል። ይህ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ነገውኑ ሊሆን ይችላል።

5. ከማታ ተማሪዎች የተሰበሰበው ክፍያ ለምን ለምን እንደዋለ በየዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡን እንጠይቃለን፤ በቃል የተነገረን ነገር ነገ ሌላ ይሆናልና። ልታነጋግሩን ከፈለጋችሁም ደስ ይለናል፤ አደራችሁን ስብሰባውን በሥራ ሰዓት አታድርጉብን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11:30 እስከ 2:30 ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባሉት የማታ ክፍሎች ውስጥ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

የማታ መርሐ ግብር ተማሪዎች ተጠሪ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለማታ ተማሪዎች በሙሉ
ለማታ መምህራን